የሰኞ መራጮች

«እኔን? እኔንማ ማን አባቱ ያታልለኛል!» አለ ባለታክሲው፣ ምስክር ሣጥኑ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ። ባለፈው ሳምንት ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ተቀምጦ «ጉድ ሠሩኝ እኮ ጌታዬ» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው ሰውዬ ነው። ዛሬ ግን አዳራሹ ውስጥ ደንበኞቹ አሉ፣ አማቹ አሉ። በሰው ፊት ሞኝ ከመባል መታሰር ይሻላል።

ዐቃቤ ሕጉ አመስግኖ አሰናበተው። መቆጣት እንኳ ደክሞታል። ከባለታክሲው በፊት የቀረበችው ፀጉር ሠሪም፣ ከእሷ በፊት የቀረበው ነጋዴም ያሉት ይህንኑ ነበር። «በመጨናነቅ ምክንያት የእናንተ ሰፈር ድምፅ የሚሰጠው እሑድ ሳይሆን ሰኞ ነው» የሚለው የሐሰት መልእክት ስልካቸው ላይ ገብቷል፤ አንብበውታል፤ ንቀውታል። እሑድ ዕለት ሳይመርጡ የቀሩት አንዱ ሆዱን ቁርጠት ይዞት፣ አንዷ እንግዳ መጥቶባት ነው።

መልእክቱን የላከው የባዕድ መንግሥት የሚያዘው ድርጅት ነው። ትልልቆቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ እጅ አይደርስባቸውም። እጅ የደረሰበት፣ እዚህ ሆኖ የመራጮቹን ስልክ ቁጥር ያቀበለው ወኪል ብቻ ነው። እሱም ተከሳሽ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ሦስት ዓመት ሙሉ የወኪሉ ጠበቃ አንዱን በር ሲዘጋ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሌላውን ሲያንኳኳ ከርሟል። መጀመሪያ ድርጊቱ የተፈጸመው ውጭ አገር ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም ተባለ። ያ ሲያልፍ ማስረጃውን ያገኘው የደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዴት እንዳገኘው ካልተናገረ አይሰማም ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አለ። በመጨረሻ ጠበቃው፣ «እሺ፣ ተልኳል እንበል። ማን ተታለለ? አንድ ሰው ያሳዩን!» ብሎ ቁጭ አለ። ዳኛውም ተስማሙ። ዛሬ አንድ የተታለለ መራጭ ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል።

የቀረው አንድ ምስክር ነው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ድምፅ የተሰጠው እሳቸው ዕድሜያቸውን በጨረሱበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ሄደው ዝግ በርና የድሮው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠበቋቸው። ይህን ሊናገሩ በራሳቸው እግር ነው ቢሮ የመጡት።

«ባለቤቴ ብቻ እንዳትሰማብኝ፣ ልጄ» ብለውት ነበር። «እህቷ ዘንድ ሰንብታ ሰኞ ማታ ስትመለስ፣ መረጥሽ ወይ አልኳት። መረጥኩ፣ አንተስ አለችኝ። ታዲያስ አልኳት! ከእሷ አንሼ ልገኝ?»

ዐቃቤ ሕጉ ብቻቸውን እንዲመጡ ሊያስጠነቅቃቸው አስቦ፣ በሥራ ብዛት ዘነጋው። መጥሪያው ቤት ድረስ ሄደ። ባለቤታቸውም «በዚህ ጉልበትህ ብቻህን የት ትሄዳለህ?» ብለው ተከትለዋቸው መጡ፤ አሁን ፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዐቃቤ ሕጉ ሲያያቸው ክው አለ። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ማንን ይወቅሳል?

ዳይሬክተሩ ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ በምርጫው ዕለት፣ እሑድ፣ ድምፅ ሰጥተዋል?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳኛውን አዩ፣ ጠበቃውን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ፊተኛው ወንበር ሄደ። በሺህ ተማሪ ፊት ያልከዳቸው አንደበት ዛሬ ከዳቸው።

«እኔ… እኔ እንኳ…»

መልሱ ምን እንደሚሆን ዐቃቤ ሕጉ አወቀው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማው የዋለው ነው። ይህ ክስ ሲሞት አለቅሳለሁ ብሎ ሲፈራ ኖሮ፣ አሁን የመጣበት እንቅልፍ ብቻ ነበር። ሊቀመጥ ወንበሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ተናገር እንጂ!» አለ የሴት ድምፅ።

የዳይሬክተሩ ባለቤት ቦርሳቸውን አቅፈው ቆመዋል።

«ምን ያንተባትብሃል? እኔም የሄድኩት ሰኞ ነው።»

ጠበቃው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ክቡር ዳኛ፣ እቃወማለሁ! እኚህ ሴት ምስክር አይደሉም! ለምስክሩ መልሱን እየነገሯቸው ነው!» ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ፖሊሱም እያፈረ ወደ ሴትየዋ ቀረበና «እማማ፣ ይውጡልኝ» አላቸው።

ዳይሬክተሩ ግን ማንንም የሚሰሙ አይመስሉም። የሣጥኑን ጠርዝ ተደግፈው ወደ ፊት አጎነበሱ።

«አንቺም?»

«እኔም። ከእህቴ ቤት በቀጥታ ሄጄ፣ በሩ ተዘግቶ።»

«ዘበኛው ምን አለሽ?»

«ምን ይላል? ‹አይዞዎት እትዬ፣ ለጋሼ ትንፍሽ አልልም› አለኝ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ሰው። ዳኛው «ጸጥታ!» አሉ፤ ሴትየዋ በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ፖሊሱም ሊገፋቸው አልደፈረም። ጠበቃው የሕጉን አንቀጽ እየጠቀሰ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሳበውን ወንበር መልሶ ገፋው።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እሑድ ድምፅ ሰጥተዋል?»

«የለም፣ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ዓይናቸውን ከባለቤታቸው ሳያነሱ። «እኔንም፣ ‹ለእትዬ ትንፍሽ አልልም› ነበር ያለኝ።»