የደበሌ የወርቅ ጥርስ

«አውልቅልኝ» አለ ደበሌ፣ ጉንጩ ላይ የጠመጠመውን ነጠላ እየፈታ።

አንጥረኛው ሀቢቡ የሱቁን በር ቀረቀረ። ውጭ የቡታጅራ ገበያ በቀትር ፀሐይ ይንጫጫል። ጥርሱን የታመመ መስሎ በገበያተኛው መሀል ሾልኮ የገባው ይህ ሰው፣ ጣሊያን ስድስት ወር ሙሉ ሲያድነው የቆየ አርበኛ ነው።

«ምን ሆነህ ነው የሚወልቀው?»

«አልሰማህም እንዴ? ኬላው ላይ ወንዱን ሁሉ እንደሚገዛ በቅሎ አፉን እያስከፈቱ ያያሉ። የሚፈልጉት ላይኛው፣ በግራ በኩል፣ ወርቅ። ቦታውን እንኳ አልሳቱም! እኔ ደግሞ ነገ ቆሼ መድረስ አለብኝ።»

ሀቢቡ ጉጠት ፍለጋ ጀርባውን ሰጠው። ጉጠቱ እጁ ላይ ነበር።

ያን ጥርስ የሠራው እሱ ነው። አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ እንደተማረው፣ የተሸረፈውን ጥርስ ዙሪያውን ሞርዶ አሳንሶ ወርቁን እንደ ቆብ ደፋበት። ባለፈው ወር የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጥቶ «ደበሌን በምን እንለየዋለን?» ሲለውም፣ አንዲት ጥፊ እንኳ ሳይቀምስ የተናገረው እሱ ነው።

«የጠቆመችኝ አዛለች ናት» አለ ደበሌ። «እሷ አረቄ ቤት ነው አፌን ከፍቼ የሳቅኩት። ባንዳ ደግሞ ከቤቷ አይጠፋም። ከቆሼ ስመለስ አስቃታለሁ።» ወገቡ ላይ የሻጠውን ጩቤ መታ መታ አደረገ።

«አዛለች የልጆች እናት ናት።»

«እኔስ እናት የለኝም? ይልቅ ሥራህን ሥራ!»

ሀቢቡ የጉጠቱን ጫፍ ከድዱ ሥር አስገብቶ ወዘወዘ። ደበሌ አቃሰተ፤ ተረከዙ መሬቱን ደበደበ። በሦስተኛው ወርቁ ጠቅ ብሎ ወጣ። ከሥሩ የቀረችው ቀጭን፣ የጠቆረች ጉቶ ናት።

ደበሌ በምላሱ ዳሰሳት። «ይቺን ነው ያስቀረህልኝ? አይጥ የበላት ትመስላለች እኮ።»

«ወርቁ እንዲቀመጥ መሞረድ ነበረባት። ያለ ሽፋን ውሃም ንፋስም አትችልም። ብር እንዳላለብሳት ያው ያብረቀርቃል። ለጊዜው በሰም ልድፈንልህ።»

ሰሙን በጣቱ አለስልሶ ወደ አፉ አስገባ። ጣቱ በደበሌ ጥርሶች መሀል ሳለ፣ ያኛው መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት፣ ተናገረ።

«አዛለች አይደለችም። እኔ ነኝ።»

የደበሌ ዐይን ፈጠጠ። መንጋጋው ቀስ ብሎ ገጠመ። ጥርሶቹ አጥንት እስኪነኩ ድረስ ገቡ። ሀቢቡ ጣቱን አልሳበም፤ ጩቤው ወዳለበት ወገብም አላየም።

ከዚያ አፉ ተከፈተ። ደበሌ ሰሙን በራሱ አውራ ጣት ተጭኖ አስተካከለው። ነጠላውን መልሶ ጉንጩ ላይ ጠመጠመ፤ መቀርቀሪያውንም ራሱ አነሳ።

«ወርቁን አቅልጠው» አለና ገበያው ውስጥ ገባ።

ሀቢቡ ጣቱን ወደ በሩ ብርሃን አቀረበ። የጥርሶቹ ምልክት በተርታ ይደማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እሱ ራሱ የሞረዳት ጥርስ ባረፈችበት፣ ቆዳው ደህና ነው።