በአረንጓዴ የቀባሁት አንቀጽ

አረንጓዴው ሃይላይተር አንቀጹ መሀል ላይ ቀጥ ይልብኛል። «ዶሮዎቹ የሚለዩት የመጋቢውን ፊት ሳይሆን ልብሱን ሊሆን ይችላል» ይላል ጽሑፉ። ቀጥሎም ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰ መጋቢ ሲገባ መኖአቸውን ትተው ጥግ እንደያዙ ያትታል።

ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።

የዛሬው ትምህርታችን የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ ነው። የታተመ ጥናት ተሰጥቶን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየበለትነው ነው። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሐሳብ ቢጫ ይቀባል፣ ጠርዙ ላይም የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የጸሐፊው የራሱ ሐሳብ አረንጓዴ ነው። «ባለቤት የሌለው ቢጫ አልቀበልም» ብለውናል መምህሩ። ያደሉን ጽሑፍ ግን የራሳቸው ነው፤ በዶሮ እርባታ ላይ ሌላ የጻፈ ሰው የጠፋ ይመስል።

ስንወጣ ደግሞ የየራሳችንን የመመረቂያ ረቂቅ በፍላሽ እናስረክባለን። የእኔ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የሁለት ዓመት ልፋቴ። አማካሪዬ እሳቸው ናቸው፣ ሳይፈርሙልኝ አልመረቅም።

ቀይ ካፖርት የነበራት እናቴ ናት። ገዝታው መጀመሪያ ዶሮ ቤት የገባች ቀን፣ ዶሮዎቹ አራጅ የመጣባቸው ያህል ተንጫጩ። «ምን ነካቸው ደግሞ?» አለች እናቴ። ታላቅ እህቴ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ስታያቸው ቆየችና «ፊትሽን መቼ ያውቁታል እማ፣ የሚያውቁት ልብስሽን ነው» አለቻት። እቤት ስንት ጊዜ ተሳቀበት!

ይሁን፣ ቀይ ነገር የትም አገር ዶሮ ያስደነግጥ ይሆናል። በአንድ ካፖርት ሰው አይጠረጠርም። ወደ ታች እወርዳለሁ። «ችግሩ ቀለሙ ብቻ ነው የሚል ሰው ልክ ነው እንበል። ልክ ከሆነ ግን ሰማያዊውን ካፖርት ለምን ሸሹት?»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። የእህቴ ክርክር እንዲህ ነው። «ልክ ነሽ እንበል» ብላ ወንበር ትሰጥሻለች፤ ተደላድለሽ ስትቀመጪ ወንበሩን ትስብብሻለች። የቀረው የመምህሩ ጽሑፍ ግን እንደ ንግግራቸው ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ሰው ያረጃል።

እህቴ እዚሁ፣ በእሳቸው አማካሪነት ትማር ነበር። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ትታው መጣች። «አልሆነልኝም፣ በቃ፣ አትጨቅጭቁኝ» አለች፤ ዛሬ የዶሮ መኖ ትሸጣለች። እኔም አምኛት ነበር። መምህሩ ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩ አንድም ቀን «ያቺ ልጅ ምንሽ ናት?» ብለውኝ አያውቁም። እስከ ዛሬ የረሷት ይመስለኝ ነበር።

ወደ መጨረሻው ገጽ፣ ምስጋናው ጋ እገልጣለሁ። መኖ ያቀረበው ድርጅት አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ የመምህሩ ባለቤት እንኳ ስለ ትዕግሥታቸው ተመስግነዋል። ትዕግሥታቸው ላይ ጥርጥር የለኝም። እህቴ ግን የለችም።

«ምን ላይ ተያዝሽ?» የመምህሩ ድምፅ ከጀርባዬ ነው። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

«ይቺ አንቀጽ ደስ ብላኝ ነው፣ መምህር።»

«እሷን ስንቴ ጽፌ እንደቀደድኳት ብታውቂ!» ፊታቸው ፈካ ይላል።

«ካፖርቱ የማን ነበር?»

«የአንዱ ሠራተኛ መሰለኝ። ቆየ እኮ።»

«በኋላስ? የት ደረሰ?»

ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። መልሱ እዚያ የለም፣ ፈልጌዋለሁ። «ተጣለ» ይላሉ። «አሮጌ ካፖርት ሌላ ምን ይደረጋል?»

አልተጣለም። እህቴ ተማሪ ሳለች ከእናቴ ተውሳ ወደዚህ ይዛው መጣች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም። ሲበቃት አጥባ መለሰችው። እናቴ ዛሬም ዶሮ ቤት የምትገባው እሱኑ ገልብጣ ለብሳ ነው። ገበሩ እንደ ድሮ ልብሷ ግራጫ ስለሆነ ዶሮዎቹ ቁብ አይሰጧትም። ዘዴው የእህቴ ነው።

«በሉ፣ ሰዓት ደርሷል!» መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ ይናገራሉ። ወንበሮች ይንኳኳሉ። ፍላሾች አንድ በአንድ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው ግን ከአጠገቤ አልራቁም፣ እጃቸውን ዘርግተውልኛል። «ያንቺን እዚሁ ስጪኝ።»

«ገና አላለቀም፣ መምህር።»

«ምን ችግር አለ የኔ ልጅ? እኔ እጨርሰዋለሁ።»

አነጋገራቸው የአባት ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው። እህቴንም እንዲህ ነበር ያሏት? እሷም ይሄኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አመስግናቸው ይሆናል።

ፍላሹን በጣቶቼ እዳስሰውና እዚያው ኪሴ ውስጥ እተወዋለሁ። መመረቄን አስባለሁ፣ እናቴ ለዚያ ቀን ያሰፋችውን ቀሚስ አስባለሁ። ከዚያ ቢጫውን አነሳለሁ።

«አንድ ቦታ ቀለም ተሳስቻለሁ» እላቸዋለሁ።

አረንጓዴው ላይ ከላይ እስከ ታች ቢጫውን እደርብበታለሁ። እርጥቡ ወረቀት ሊቀደድ ይደርሳል። ጠርዙ ላይ የእህቴን ስም ከነአባታችን እጽፍና ወረቀቱን አቀብላቸዋለሁ።

በአንድ እጃቸው ይዘው ያነባሉ። ለፍላሹ የዘረጉት ሌላው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«ምንሽ ናት?» ይላሉ፣ ቀስ ብለው።