የአማካሪው ቀይ እስክሪብቶ

የአምለሰት ባል ሀብቶም ዶክትሬቱን ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። አማካሪው ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ እየሞነጫጨሩ ሲመልሱበት፣ እሱም ሲያርም፣ ሰውነቱ አልቆ አጥንቱ ገጠጠ። ታኅሣሥ ላይ አማካሪው ሞቱና እንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። እርማታቸው ግን አልቆመም። ባልና ሚስቱ በሚኖሩበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ ገጽ፣ አድሮ በቀይ ተዥጎርጉሮ ይገኛል።

«ራስህ ነህ የምትሞነጭረው!» አለችው አምለሰት።

«የሳቸውን እጅ ጽሑፍ ላጣው ነው? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ዶክትሬት አታስተምረኝም!»

«ስድስትም ልማር ሁለት፣ አፈር ሲለብሱ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ገጹን ነጠቀችውና ጠርዙ ላይ በገዛ እጇ ጻፈችበት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል። ባሌን ልቀቀው!»

ገጹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀች። ከዚያም የቁም ሳጥኑን በር በጀርባዋ ተደግፋ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። ሀብቶም ከፊቷ ካለው ወንበር ንቅንቅ አላለም።

ተነሥታ ከፈተችው።

«ሞተሃል» ያለችው ቃል ሥር በቀይ ተሰምሯል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከጎኑ፣ በአማካሪው ጎባጣ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦

«ማስረጃ ይቅረብ።»