የመርከበኛው ጃኬት

ሶዳም ኪምቺውን ከነበርበሬው ጎረሰች።

ዶክሱ ዓይኑን ማመን አቃተው። የብርዱን ወራት በሙሉ፣ እንዳያቃጥላት እያንዳንዷን በበርበሬ የታሸ የጎመን ቅጠል ውሃ ውስጥ እያለቀለቀ ነበር የሚያበላት። ዛሬ አባቷ ቀዩን ቅጠል ሲያቀብላት አፏን ከፍታ ተቀበለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፍንጫዋ ቀላ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። የሰባት ዓመቷ ልጅ እንዲህ ያለ ሳቅ እንዳላት ዶክሱ አያውቅም ነበር።

"የኔ ጀግና!" አለ አባቷ ፒልሆ። ሩቅ ባሕር ላይ ቱና ዓሣ ሲያጠምድ የከረመ፣ ፀሐይ ፊቱን ያከሰለው መርከበኛ ነው። የሚስቱን መገደል የሰማው እዚያው ማዶ ሆኖ ነው። ልጅህ ቡሳን ወደብ አጠገብ ካለው ሾርባ ቤት ናት፣ መጥተህ ውሰዳት ብሎ የላከበት ራሱ ዶክሱ ነበር።

ዶክሱ ከእነሱ በታች ብቻውን የሚኖር፣ ሰው ሰላም የማይል ጎረቤት ነበር። ትኩስ ምግብ ደጃፉ ላይ ታስቀምጥለት የነበረችው የሶዳም እናት ብቻ ናት። ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ሲል ቤቴን አልለቅም አለች፤ ግዋክ የሚባል የአፍራሾቹ ቅጥረኛ ደረጃው ላይ በጩቤ ገደላት። ሶዳም በበሩ ክፍተት ፊቱን አየችው። ዶክሱ ያን ዕለት ሕፃኗን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁለት ብቻ ነው፤ ልጅቷን መደበቅና ግዋክን መግደል።

"ፀጉርሽን ማነው እንዲህ ያጠላለፈው?" ፒልሆ ሳቀ። "የመርከብ ገመድ አስመሰለው እኮ!"

"ጋሼ ነው የሠራኝ።"

"ነይ፣ አባዬ ያስተካክልልሻል።"

ፈታው። ዶክሱ ያንን ሹሩባ ለመማር ስንት ጠዋት እንደለፋ የምታውቀው የሾርባ ቤቱ ባለቤት እትዬ ማልሱን ናት። ሳህኑ ላይ ሾርባ እየጨመረችለት ጎንበስ አለች።

"ፊትህን አስተካክል። ሰውየውን ልትውጠው ነው እንዴ?"

"ምን አደረግኩ?"

"ቀንተሃል።"

"ለምን እቀናለሁ? አባቷ አይደል?"

"እሱን ለራስህ ንገረው" ብላው ሄደች።

ዶክሱ እንዳያያቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መንገዱ ማዶ፣ የደረቀ ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ፣ ግዋክ ቆሟል። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የሾርባ ቤቱን በር ያያል። መርከበኛውን ከወደቡ ጀምሮ ተከትሎት መጥቷል ማለት ነው።

"ፒልሆ" አለ ዶክሱ። "እሷ እጇን እስክትታጠብ ወጣ ብለህ ታክሲ አትይዝም?"

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ወይም ቀድሞም ገብቶት ነበር።

ሶዳም ወደ ጓሮ ሮጠች። ፒልሆ ሰማያዊ ጃኬቱን ለበሰ፣ ኮፍያውን አጠለቀ። ከዚያ ግንባሩ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሰ። "ጋሼ፣ ልጄን አኑረውልኛል። ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?"

ዶክሱ በዓይኑ ወደ በሩ ሸኘው። የሰውየው እጅ የበሩን እጀታ ሲጨብጥ አየ። ዝም ቢል ይበቃ ነበር።

"ቁም!"

ፒልሆ ዞረ።

"ጃኬቱን አውልቅ። ኮፍያውንም። ሚስትህን የገደለው ሰውዬ ውጭ ቆሞልሃል።"

ፒልሆ ወደ ውጭ ሊወረወር ሲል ዶክሱ አንገትጌውን ይዞ ከግድግዳው አጣበቀው።

"ይልቀቁኝ! የኔ ሚስት ናት!"

"አንተ ብትሞት ልጅቷ ማን አላት?"

"እርስዎ አሉ!"

ይሄን ቃል ስንቴ ተመኝቶታል። አሁን ሲሰማው አንገትጌውን የያዘውን እጁን አላላ።

"ለኔ እንደዚያ ስቃ አታውቅም" አለ። "ውሰዳት።"

ሶዳም እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች። እትዬ ማልሱን አባትና ልጅን በማዕድ ቤቱ በኩል ወደ ወንድሟ የዓሣ መኪና ስታስወጣቸው፣ ልጅቷ "ጋሼስ?" ስትል ተሰማ። "ይደርስብናል" አላት አባቷ። ደግማ አልጠየቀችም።

ጃኬቱ ዶክሱን ትከሻው ላይ ጠበበው። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦ ወጣና አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ተሻገረ።

"መርከበኛው!" ግዋክ ወደ እሱ መጣ። "እንኳን ደህና ገባህ። ልጅህን የት ደበቅካት?"

ዶክሱ ቀና አለ። ግዋክ ደነገጠ፤ ወዲያው ሳቀ።

"አንተ ነህ እንዴ! ምስኪን። ለሰው ልጅ ብለህ ትሞታለህ?"

"አዎ" አለ ዶክሱ። "የሰው ልጅ ናት።"

ጩቤው ከኪስ ሲወጣ የግዋክን የእጅ አንጓ ይዞ ጠመዘዘው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ግዋክ ጮኸ፣ ጩቤው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ዶክሱ መሬት ጥሎት ጉልበቱን ጀርባው ላይ አሳረፈ። ጩቤው እጁ ሥር ነበር። ዓሣ ሻጮቹ ከየሱቁ ወጥተው ከበቡት፤ "ፖሊስ! ፖሊስ ጥሩ!" ይላሉ።

ያን ጊዜ የዓሣ መኪናዋ ከጎን ካለው መንገድ ወጣች። ሶዳም አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች። ጩኸቱን ሰምቶ ሾፌሩ እንኳ ዞር ብሎ አይቷል። እሷ ግን አልዞረችም፤ የመጨረሻዋ ቁልፍ አልገባ ብላት ምላሷን አውጥታ እየታገለች ነበር።

ዶክሱ ጩቤውን በእግሩ ወደ ቦዩ ገፋው። ቁልፏ መግባት አለመግባቷን ሳያይ መኪናዋ ታጠፈች።