የእትዬ የኔነሽ የቤት ግብር

ጥሩሰው ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። 1972 ይመስለዋል፤ 73ም ሊሆን ይችላል። ሙቀቱን ግን አይረሳውም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ እየጋለ ይንቋቋ ነበር። በረንዳው ላይ የተኮለኮሉት አመልካቾች ወሬ እንኳ ትተው ነበር።

አመልካቾቹ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ናቸው። ማን እውነተኛ ደሃ እንደሆነ አጣርቶ ምሕረት የሚሰጠው የቀበሌው ኮሚቴ ነው፦ ሊቀመንበሩ ወልደጻድቅ፣ የሴቶች ተወካይዋ ሃሊሞ እና ጸሐፊው ጥሩሰው። ጥሩሰው ወጣት ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ ሳያጣራ አይፈርምም፤ ከፈረመ በኋላም ይጨነቃል።

የዚያን ቀን ተራው የእትዬ የኔነሽ ደረሰ። በከፊራ ገበያ ሎሚ የሚቸረችሩ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው የትርፍ ቤት አዋጁ በወጣ ጊዜ በስማቸው ተመዝግቧል። ግብሩ ካልተከፈለ ይያዛል፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም።

«እስከ ዛሬ እንዴት ከፈሉ?» አለ ጥሩሰው።

እትዬ የኔነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ። «ሸረፈዲን ይከፍልልኝ ነበር።»

«ባለሱቁ?»

«አዎ። ዘንድሮ እሱም ደኸየ።»

ወልደጻድቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከፋይ ያለው ሰው ደሃ ተብሎ ምሕረት አያገኝም። እሱን የቆረቆረው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአዋጁ ወዲህ የሚከራይ ቤት ሁሉ ተወርሷል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ራሱ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ነው። ሸረፈዲን ደግሞ ያቺም አንዷ የለችውም። የሚያድረው ከሱቁ ጓዳ፣ ጆንያ መሐል ነው፤ ለዚያችም ለቀበሌው ኪራይ ይከፍላል።

«ገባችሁ?» አለ ወልደጻድቅ ሴትየዋ እንደወጡ። «ልጅ የላቸውም። ነገ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ‹ግብሩን ስገፈግፍ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ለእኔ ይገባል› ብሎ ይመጣል።»

ሃሊሞ ሳቀች። «አቦ ጓድ፣ አንተ ደግሞ! ወዷቸው ይሆናላ!»

«በዚህ ዕድሜው?»

«ፍቅርም በቀበሌ ፈቃድ ሆነ እንዴ?»

ጥሩሰው አልሳቀም። «ቤቱን እንየው» አለ።

በማግስቱ ሄዱ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ናት። ሸረፈዲን ሽርጡን ሸብ አድርጎ ጣሪያው ላይ ሚስማር ይመታል።

«ምን ትሠራለህ እዚያ?» ሲል ወልደጻድቅ ጮኸበት።

«ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ልድፈነው ብዬ ነው።»

ሸረፈዲን እያለከለከ በመሰላሉ ወረደ። ወልደጻድቅ ጥላ ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞሮ ግድግዳው ላይ ሊደገፍ ሲል ሸረፈዲን እጁን ያዘው። «እሱን ተወው፣ ወንድሜ። የኋላው መሠረት ሁለት ክንድ አይሞላም። ከሥሩ አሸዋ ነው።»

«ለክተህ ጨርሰሃላ!» አለ ወልደጻድቅ።

ሸረፈዲን በሽርጡ ጫፍ ላቡን ጠረገ።

«ለምንድን ነው የሚከፍሉላቸው?» ሲል ጥሩሰው ጠየቀ። «ዘመድ ናችሁ?»

«ጎረቤት ነን።»

«ለሌላ ጎረቤትስ ይከፍላሉ?»

«አልከፍልም።»

«ታዲያ?»

«ወላሂ ልጄ፣ ደክሞኛል። እሳቸውን ማሯቸው፤ የእኔን ነገር ተዉት።»

እትዬ የኔነሽ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሸረፈዲን ቀና ብሎ አያቸው፤ ዝም አሉ። ጥሩሰው ይህን ልብ አለ። አስፈራርቷቸዋል ሲል ደመደመ።

ከብዙ ማውጣትና ማውረድ በኋላ መላ ያገኘው ጥሩሰው ነው። ምሕረቱ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሸረፈዲን በቤቱ ላይ አንዳች መብት እንደሌለው በሕዝብ ፊት ይማል። ከማለ ሴትየዋ ይድናሉ። እምቢ ካለ ሐሳቡ ይጋለጣል። ጥሩሰው ነገሩን አገላብጦ አየው፤ ቀዳዳ አጣለት። ወልደጻድቅ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሰዉ በወበቁ ዝሎ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን ያራግባል። ሸረፈዲን መሐል ላይ ቆመ።

«ከዚያ ቤት ምንም የለኝም በል» አለ ወልደጻድቅ።

«ከዚያ ቤት ምንም የለኝም።»

«ወደፊትም አልጠይቅም።»

«አልጠይቅም። ወላሂ አልጠይቅም።»

ይከራከራል ብሎ የጠበቀው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው ቶሎ ብሎ፣ እንደ ተገላገለ ሰው ነበር የማለው።

«የባልቴት ቤት አማረህ፣ አንተ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጆንያህ አልበቃህም?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሸረፈዲን ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። እትዬ የኔነሽ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሰዉ ደስታ መሰለው። ሃሊሞ እንኳ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ» ብላ አቀፈቻቸው።

ምሕረቱ እዚያው ጸደቀ። ጥሩሰው ፈርሞ ያልተጨነቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሸረፈዲን ብዙም አልቆየ፤ እዚያው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ሞተ። ጥሩሰው ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ አብሮት የሄደው ሰው በቀለ የሚባል አሮጌ ግንበኛ ነበር። ጥሩሰው በቀለ የነገረውን ወዲያው አላመነም፤ የሰፈሩን የጥንት ሰዎች እየዞረ ጠየቀ፤ ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ።

ያችን ቤት ያሠሯትም፣ በእትዬ የኔነሽ ስም ያስመዘገቧትም አቶ ሸረፈዲን ነበሩ፤ እትዬ የኔነሽ አዋጁ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ተከራያቸው ነበሩ።