የመብራት ምስክር

የከተማው መብራት ጽሕፈት ቤት ከእንግዲህ ኃይል የሚያመነጨው ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ነው ተባለ፤ ሦስቱም አዲስ ሥራ የተቀጠሩ ይመስል የምረቃ ድግስ ተደገሰላቸው። ከሰፈሩ ሕዝብ መካከል ምስክርነት እንድትሰጥ የተመረጠችው እናት በጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳኑ በራሳቸው እጅ የጻፉትን አንድ ገጽ ንግግር ሰጧት።

«ሳትደናቀፊ ካነበብሽ በማግስቱ ቆጣሪ ቤትሽ ይገባል» አሏት።

«ልጄ ለፈተና እያጠናች ነው ጌታዬ፤ መብራቱ በጣም ያስፈልጋታል። እንዳልደናቀፍ ግን ፈራሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ማታ ከሥራ ስትመለስ ወረቀቱን ስታነበንብ ሰነበተች፤ ልጇ ሳይቀር በቃሏ ያዘችው።

በዕለቱ አንድም ቃል አልሳተችም። «ውሃው፣ ነፋሱና ፀሐዩ ቤቴን ብርሃን አደረጉልኝ» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የክብር እንግዳው ወረቀቱን ለማስታወሻ ሲቀበሏት ጣታቸው የጠጠረ ነገር ላይ አረፈ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች አፍራ፤ «ሻማው ተንጠባጥቦብኝ ነው። በጥፍሬ ብፍቀውም አልለቅ አለኝ።»

አቶ ልሳኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

በማግስቱ አቶ ልሳኑ ቤቷ ድረስ መጡ። በሩ ሲንኳኳ ልጇ ደብተሯን ጥላ ሮጣ ከፈተች። ቆጣሪ ግን አልያዙም።

«ለሳምንት ሌላ ሰፈር ይመረቃል» አሉና ለእናትየዋ ያንኑ ንግግር በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ሰጧት፤ ከሥሩም አንድ ፓኬት የማይንጠባጠብ ሻማ።