ለእህቱ ብሎ የከተፈው ጎመን

"ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፈው... እኔ እጄ አይታዘዝልኝም።"

ታላቅ እህቱ ናት። ሻንጣዋን ገና በሩ ላይ እንዳስቀመጠች ነው ትእዛዝ የጀመረችው።

እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው... የኔም ደንበኛ። ወሬ ስለማያልቅበት "ሬዲዮ" ነበር የምንለው።

ታሪኩን ከራሱ አፍ ከሰማሁ ሁለት ቀኔ ነው፤ ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

አምና ሬዲዮው ዝም አለ።

ሱቁን ዘጋ... መጋረጃውን ዘጋ... ስልኩን ዘጋ።

ሐኪሙ "ድባቴ ነው" ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። እሱ ግን ኪኒኑን በብስኩትና በለስላሳ ይውጥና ተመልሶ ይተኛል።

እህቱ የመጣችው ይሄኔ ነው... አንድ ወረቀት ይዛ።

"እኔንም አሞኝ ያንተው ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር... ምግብሽን አስተካክዪ አለኝ። ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬ... ደግሞ ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ራሴን መሸከም አቅቶኛል።"

"እሱን ተወውና ተነሥ... ገበያው ሳይበተን።"

የታመመች እህት እንዴት እምቢ ትባላለች? እያጉረመረመ ወጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ሹካውን አንሥቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

"አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም" ስትለው ይጎርሳል።

በሦስተኛው ሳምንት ከእሷ ቀድሞ ተነሣ።

በስድስተኛው ከዓሣ ሻጩ ጋር ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ... እሷ ከኋላው ቆማ ዕንባዋን ትጠርጋለች።

በሦስት ወሩ ሱቁ ተከፈተ። እኔም ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ... ጆሮዬ እስኪደነቁር አወራኝ።

በዚያው ሳምንት የሕክምና ቀጠሮው ደረሰ። አብረው ሄዱ።

"ዶክተር፣ እኔን ይተዉኝና የእህቴን ይንገሩኝ... ምግቡ አሻላት?"

ሐኪሙ ግራ ገባው።

"እህትህ ምን ሆና? እሷ እኮ ምንም ሕመም የለባትም። ወረቀቱን የጻፍኩት ላንተ ነው።"

ዞር ብሎ አያት... መሬት መሬቱን ታያለች።

"ዋሸሽኝ?"

"ሦስት ወር ሙሉ። ለራስህ ብለህማ አትነሣም ነበር... ለእኔ ግን እንደምትነሣ አውቃለሁ።"

ሳቀ... ከዚያ አለቀሰ... ከዚያ ሁለቱም።

ሐኪሙም አስጠነቀቀው፦ "ኪኒኑን እኔ ሳልልህ እንዳታቆም። ምግቡ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።"

ወዳጆቼ... ጥሩ ምግብ ጭንቀትን ሁሉ አይነቅልም። ለዛለ አእምሮ ግን ጉልበት ሊሆነው ይችላል።

ያዘነውን ሰው "በርታ" ብላችሁት ብቻ አትለፉ... አብራችሁት ብሉ።

በዙሪያችሁ ለራሱ የማይነሣ፣ ለእናንተ ሲል ግን የሚነሣ ማን አለ? ምን ብላችሁ ታስነሡታላችሁ? ኮመንት ላይ አጫውቱኝ።